ሲስተር ትርንጎና ያኮረፈው አንጀት

የሲስተር ትርንጎን ማረፍ የነገረኝ የሳንሱሲ ታክሲ ረዳት ነው። ሱቄ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጣራ አየኝና፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ ያቺ ሰውን ሁሉ ስለ ሆዱ የምትጠይቀዋ ሲስተር አርፋለች፤ ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። ትንፋሽ እንኳን ሳይወስድ «ሳንሱሲ! የሞላ! ሳንሱሲ!» ብሎ ቀጠለ። አልተቀየምኩትም። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የሚታወስበት ነገር ከተገኘለት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሞት «ያ የተሸጠ ዕቃ አልመልስም የሚለው» ከመባል አላልፍም።

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ከእኔ የቀደመ ሰው አገኘሁ፤ ታላቅ ወንድሜን፣ ሐጂ ነስሩን። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ከዘራውን ተደግፎ ጥዱ ስር ቆሟል። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ለሰርግ እንኳን መኪና ካልተላከለት የማይወጣ ሰው ነው። ካህናቱ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ አልተቀመጠም። ወንበር ያመጣችለት ሴትዮ፣ «አባባ፣ ሟቿ ምንዎ ናቸው?» ብትለው፣ «ምስጢረኛዬ ናቸው» አላት። ሴትዮዋ ደነገጠች። እኔ ሳቄን የምሸፍንበት ነጠላ ስላልነበረኝ ወደ ግንቡ ዞርኩ።

ስለዚህ ምስጢር ልጽፍ ነው ብዬ ሳስፈቅደው በከዘራው መሬቱን መታ መታ አደረገ። በመጨረሻ፣ «ጻፍ፤ ግን በአደብ ጻፍ» አለኝ። በአደብ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ጉዳዩ ግን የአንጀት ጉዳይ ነው።

እኔ ኮልፌ ውስጥ ብስኩት፣ ከረሜላና ሳሙና በጅምላ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሲስተር ትርንጎ በስተርጅና የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሳንሱሲ ከመግባታቸው በፊት፣ ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ለብዙ ዓመት ኖረዋል። ጎጃም ተወልደው፣ አዲስ አበባ ነርስነት ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል ሆዱ በቀዶ ጥገና የተከፈተን ሰው ሲያስታምሙ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ ተባለ እንጂ አልወጡም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራጫ ሹራብ ከትከሻቸው የማይወርድ። ጥቁር ቦርሳቸው ውስጥ ማዳመጫቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይይዛሉ። «የልብ ማዳመጫ» ካልኳቸው ይቆጣሉ። «ልብንማ ሁሉም ያዳምጣል፤ ዘፋኙም ልብ፣ ገጣሚውም ልብ። አንጀትን የሚሰማው ማን አለ?» ይሉኛል።

ሰላምታቸው አንድ ነው። «እንዴት ዋልክ» የለም፤ «ሆድህ ሠራ?» ነው። ደንበኛ ይኑር፣ አማት ይኑር፣ ግድ የላቸውም። አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ ትልቅ ደንበኛዬን አስቀምጬ በብስኩት ዋጋ ተናንቀን ሳለ ገቡ።

«ሸምሱ፣ ሆድህ ሠራ?»

«ሠርቷል ሲስተር፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ላቤ መጣ።

ደንበኛዬ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔስ እናቴ፣ ካቆመ ሰነበተ» አላቸው።

ዋጋው እዚያው ተረሳ። ሲስተር ካርቶን ላይ ተቀምጠው ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ ሲነዳ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ መረመሩት። «ብስኩት ትሸጥለታለህ፤ ውሃ ግን ጠጥተህ ሂድ አትለውም» ብለው በእኔ ላይ ፈረዱ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ኮልፌ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋ አይደለም፤ እሳቸውን ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ አስፋልቱ ነው። ሲስተርም ይህን አውቀው የሚያስረዱኝ በሱቅና በመጋዘን ቋንቋ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቴ መነሻ ቆሎ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒዬ ላይ ቆሎ አይጠፋም፤ ቆሎው ሲያልቅ የተሰባበረ ብስኩት እበላለሁ። የተሰባበረ ብስኩት አይሸጥም፤ እኔ ደግሞ ኪሳራ አልወድም። ሆዴ ይነፋ ጀመር። ነገርኳቸው።

«ሱቅህን መቼ ነው የምትጠርገው?» አሉኝ።

«ሰው ሲያልቅ ነዋ።»

«ሰው እየገባ እየወጣ ለምን አትጠርግም?»

«ምን መጥረግ ይሆናል ሲስተር? ከእግራቸው ስር አቧራ ማስነሳት ነው እንጂ።»

«እህ! አንጀትም እንደዚያው ነው። ሞቲሊን የሚባል ሆርሞን አለ። አንጀት ራሱ ሠርቶ ደም ውስጥ የሚለቀው መልእክተኛ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ጠብቆ ይመጣና ‹ጥረግ› ይላል። ያኔ ከጨጓራ ተነስቶ ፍርፋሪውን፣ የተረፈውን፣ ያደረውን ሁሉ ወደ ታች እየገፋ የሚሄድ ማዕበል አለ። አንተ ቆሎ ባነሳህ ቁጥር ግን ‹ገና ገበያ አለ› ይልና መጥረጊያውን ያስቀምጣል።»

«ለአንዲት ፍሬ?»

«አንዲት ፍሬ መች ብቻዋን ትገባለች!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሎውን ከባንኮኒው አነሳሁ። ረመዳን ሲገባ ሱቄ በር ላይ ቆመው «ጠራጊህ ዘንድሮ ደስ ብሎታል» ይሉኛል፤ ሁዳዴ ሲገባ እኔ እመልስላቸዋለሁ። ስለ ራሳቸው ሆድ ግን አይናገሩም። «የነርስ ሆድ የመንግሥት ነው» ብለው ያልፋሉ።

ሁለተኛው ትምህርቴ በአረፋ ማግስት ነው። ክትፎ በልቼ፣ በነጋታው የበላሁት ገና ደረቴ ስር ተቀምጧል።

«አይሱዙ ዕቃ ጭኖ ሲመጣ መጋዘንህ ውስጥ ያለው ገና ካልተደረደረ ምን ታደርጋለህ?»

«በር ላይ አቆመዋለሁ።»

«ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ እንዲሁ የሚያደርግ መልእክተኛ አለ» ብለው ስሙን ነገሩኝ። ኮሌሲስቶካይኒን ነው፤ ረጅም ስለሆነ እኔ ኮሌ እለዋለሁ። ኮሌ ወደ ጨጓራ ይልካል፤ «ቆይ፣ አትልቀቅ፣ የመጣውን ገና አላወረድንም» ይላል። ጨጓራም በሩን ጠበብ አድርጎ ይጠብቃል። ደላላ ያልገባበት ሥራ የለም ስል ኖሬ፣ ሆዴም ውስጥ መኖራቸውን ያን ቀን አወቅሁ። ልዩነቱ የሆዱ ደላሎች ከሁለት ወገን ኮሚሽን አይበሉም።

ከሁሉ የሚያናድዳቸው የሰው ዝምታ ነበር። «ቂሙንም ‹ሆድ ይፍጀው› ብላችሁ እዚያ፣ ሐዘኑንም እዚያ፣ ምስጢሩንም እዚያ። ሁሉን አጭቃችሁ ምግቡ በየት ይለፍ?» ይሉ ነበር። ሰው እያፈረ ሕመሙን ሲደብቅ፣ ደብቆም ሲሞት አይተዋል። በሰው ፊት መጠየቃቸውም ለዚያ እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እሳቸው ካላፈሩ ሌላው ማፈሩን ይተዋል ብለው ነው። የወንድሜ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ይህ መንገዳቸው ሲከሽፍ አላየሁም።

ሐጂ ነስሩ ያሳደገኝ ሰው ነው። በመካከላችን አንቱታ ባይኖርም እፈራዋለሁ። የሰፈራችን መስጊድ ሽማግሌ ነው፤ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ወራሽ ያስማማል። በሰው ፊት ለማስነጠስ እንኳን ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ጨዋ ነው። አንድ ቀን ሆዱ ተነፋ፤ ቁርጠቱ አላስቀምጥ አለው፤ ወደ ታች የሚወርድ ምንም ነገር ጠፋ። ሚስቱ ዘይነባ ቅቤ አቅልጣ አጠጣችው። በእኛ ቤት ቅቤ የማያድነው በሽታ የለም፤ ካለም ስሙ ሞት ነው። እኔ ሲስተርን ጠራሁ። ሆዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ከበሮ ነው። ማዳመጫቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መኪና» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሆስፒታል ስንደርስ ትልቁ አንጀቱ በራሱ ላይ ተጠምዝዟል ተባለና ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። የተጎዳውን ቆርጠው ጤነኛውን አገናኙት። ሥራው መልካም ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ አንጀቱ አልንቀሳቀስም አለ።

«አኩርፏል» አሉ ሲስተር። «አንጀት እጅ ሲነካው ያኮርፋል። አንዳንዱ ቶሎ ይታረቃል፣ አንዳንዱ ይሰነብታል። እስኪታረቅ በአፉ ምንም አይገባም። መታረቁን የምናውቀው አየር ሲያልፍ ነው።»

ምንም አይገባም! ይህ ቃል ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ኮልፌ በሙሉ ፔርሙስ ይዞ መጣ፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ገንፎ። ሲስተር በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሰውየው ይግባ፤ ፔርሙሱ ይቆይ!» የጉምሩክ ሠራተኛ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው በምንም የማይለሰልስ አላየሁም።

እሑድ ግን ለቅዳሴ ሄዱ። ዘይነባ የባሏ ጉንጭ ሲጎድል ማየት አልቻለችም። ከሻርፗ ስር ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ቅቤ የገባበት አጥሚት በማንኪያ በማንኪያ ሰጠችው። ብዙ አልቆየም፤ አስመለሰው፣ ሆዱም ተመልሶ ተነፋ። በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት። ሲስተር ሲመለሱ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች።

«ገደልኩት፣ ሲስተር።»

«አልገደልሽውም። ቅቤሽ ጥፋት የለበትም፤ ያለ ጊዜው ነው የሄደው። ጤነኛ ጨጓራ እንኳን ቅባት ሲደርስ ‹ቆይ› ይባላል፤ የታመመውማ ምን ያድርግ? ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። እንደዚህ ሆነሽ እንዳያይሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ማስቲካ ትሸጣለህ አይደል?»

«በካርቶን።»

«ካርቶኑ ይቅር። አንድ ፓኮ አምጣ።»

ሐኪሙን አማከሩት። ወጣት ነው፣ ትሑት። «ጥሩ ሐሳብ ነው ሲስተር፣ ይሞከር» አለ። ያስቸገረው ሐጂ ነው።

«እኔ? ማስቲካ? ሰርግ ላይ ማስቲካ ስታላምጥ ያየኋትን ልጅ ነው ለልጄ አትሆንም ያልኩት!»

«ሐጂ፣ እርስዎ አስታራቂ ሽማግሌ ነዎት» አሉ ሲስተር። «ያኮረፈ ሰው አፍ ላይ ምግብ ይወትፋሉ?»

«ኧረ አልወትፍም።»

«ምን ያደርጋሉ ታዲያ?»

«ሰው እልክበታለሁ።»

«ይቺ ማስቲካ የሚላከው ሰው ናት። አፍ ሲያላምጥ ሆድ ‹እህል መጣ› ይላል። ጨጓራ ይነቃል፣ ሆርሞኖቹ ወደ ታች ይላላካሉ፣ አንጀትም ሊቀበል ይነሳል። የሚወርድ ጭነት የለም፤ ወሬው ብቻ ነው የሚሄደው።»

«ያልመጣውን መጣ ማለት ውሸት አይደለም?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። የተጣሉትን ለማስታረቅ የተዋሸ ውሸት በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው?»

ሐጂ ኮርኒሱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ «እሷ እኮ ስላንተ መልካም ታወራለች» እያለ ባል ሲያስመልስ የኖረ ሰው ምን ይመልሳል? አፉን ከፈተ። እኔ በገበያ ብዙ ማታለል አይቻለሁ፤ ተታላዩ የሚጠቀምበትን ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ሲገባ ማስቲካውን ጉንጩ ስር ይደብቃል፤ ሰው ሲወጣ ያላምጣል።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። አልጋው ዙሪያ አማቹ፣ ምራቱና የመስጊድ ሰዎች ቆመዋል።

«ሐጂ፣ አየር አልፏል?» አለ ሐኪሙ፣ በሚሰማ ድምፅ።

የቆመው ሁሉ ጫማውን አየ። ሐጂ በስርቆት የተጠረጠረ ያህል ፊቱ ጠቆረ። «የለም» አለ።

ሐኪሙ እኔንና ሲስተርን ወደ ኮሪደሩ ወሰደን። ሆዱ ትንሽ የለሰለሰ ይመስላል፤ ግን እርግጠኛ አይደለም። እስከ ማታ ምልክት ካልታየ ከአለቆቹ ጋር ተማክረው እንደገና ሊከፍቱት ይችላሉ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ድካም፣ ሁለተኛ መከፈት ምን ማለት እንደሆነ አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ተመልሼ ገባሁ፤ ጠያቂው ወጣ እስኪል ጠበቅሁና ጆሮው ስር ጎንበስ አልኩ።

«ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ካለ አለ በል። እኔና አንተ ነን።»

«ሸምሱ፣ ሱቅህን ለማን ትተህ መጣህ? ሂድ።»

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ያን ቃል ከአፉ ከሚያወጣ ሁለተኛ ቢላዋ ይመርጣል። እንግዲህ ችግሩ የአንጀት ብቻ አልነበረም። አንጀቱ ታርቆ ቢሆን እንኳን የሚነግረን ሰው የለም።

«እርስዎ በግልጽ ይጠይቁት» አልኳቸው ሲስተርን። «ሁሉን ሰው ይጠይቁ የለ?»

«የሚመልስልኝን ነው የምጠይቅ» አሉ። «እሱን በግልጽ ከጠየቅሁት ‹የለም› ይለኛል፤ አንዴ ካለ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።»

ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ዘይነባ በሳፋ ውዱእ አስደረገችው፤ ተጋድሞ ሰገደ። ሲስተር ያኔ ወንበራቸውን ከራስጌው አቀረቡና ሹራብ መሥራት ጀመሩ። አልጠየቁትም፣ አላስቸገሩትም፤ ስለ ጎጃም ጤፍ አወሩት፣ ስለ ድሮ ኮልፌ አወራቸው። እንቅልፍ ሲመጣበት ወሬ ይጨምሩለታል። ሽንት ሲጠየቅ «አልመጣም» አለ። እኔ ሰዓቱ ሄደ እያልኩ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር እላለሁ። እሳቸው መርፌያቸውን ያጋጫሉ።

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሰላት፣ አዛን ከሩቅ ተሰማ። ሲስተር ሹራቡን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ሐጂ፣ የዙሁሩ ውዱእ አለ? ወይስ ውሃ ላምጣ?»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ውዱእ ከሰላት በፊት የምንታጠበው ነው። አንዴ ያደረገ ሰው ካልፈታበት በዚያው ለሚቀጥለው ሰላት ይቆማል። የሚፈታው ደግሞ በምን እንደሆነ በቁርአን ቤት ያለፈ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እንቅልፍ ነው፤ ሐጂ አልተኛም። ሽንት ቤት ነው፤ ከአልጋው አልወረደም፣ ዕቃም አልጠየቀም። የቀረው አንድ ነው። እሱን ሐጂ በሰው ፊት ይደብቃል እንጂ በውዱእ አይዋሽም። ውዱእ ሳይኖረው አለኝ ብሎ በጌታው ፊት ከሚቀርብ መሬት ብትውጠው ይመርጣል። ሲስተር ይህን ጥያቄ ከየት አመጡት? ዕድሜ ልካቸውን ስንቱን ሙስሊም ሽማግሌ አስታመዋል! እኛን በእኛው በር ነው የገቡብን።

አማቹ እግርጌው ቆሟል፤ ምንም አልገባውም። ዘይነባ ግን ገብቷታል፤ የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ውሃ ቢያመጡልኝ ጥሩ ነው፣ ሲስተር» አለ።

«እሺ ሐጂ» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅም፣ ድል ማድረግም አልታየም። ሻይ የታዘዙ ያህል ተነስተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ለሐኪሙ በጆሮው አንድ ነገር ሲሉትና ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲተነፍስ በበሩ አየሁ።

ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው ተመለሱ። ዘይነባ ልትቀበላቸው ብድግ ስትል በአገጫቸው ተቀመጪ አሏት። እጃቸው እጁን እንዳይነካ ከፍ አድርገው ቀስ እያሉ አፈሰሱለት፤ እሱም ያለ ችኮላ ታጠበ፣ እጁን፣ ፊቱን፣ ክንዱን። እግሩ ላይ ሲደርሱ ለእኔ ሰጡኝና ራቅ ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔና አማቹ አልጋውን ጎትተን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞርነው።

ሐጂ እንደተጋደመ ሰላቱን ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሕመምተኞችም ወሬያቸውን አቆሙ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ከብርድ ልብሱ ስር ባዶ በርሜል ኮብልስቶን ላይ ሲንከባለል የሚመስል፣ ረጅም፣ እየተጣጠፈ የሚሄድ ድምፅ ከሆዱ ወጣ። አማቹ ኮርኒሱን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የሆድ ጩኸት ውዱእ አይፈታምና ሐጂ አላቋረጠም፤ ወደ ቀኝ አሰላመተ፣ ወደ ግራ አሰላመተና ሰላቱን ዘጋ።

ሲስተር ትርንጎ ከበሩ አጠገብ፣ ለራሳቸው ያህል በቀስታ፣ «አሜን» አሉ።